ገመና ያየ ዓይን ዕዳ አለበት

በአገር ቤት ልማድ እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል እንጂ ዝም ብሎ አይገባም። ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ» የሚል ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ይጠብቃል። በጥሪውና በመልሱ መካከል ያለችው ጥቂት ጊዜ ከንቱ አይደለችም። አባወራው ልብሱን ያስተካክልባታል፤ እናት የተበታተነውን ዕቃ ትሰበስብባታለች፤ የታመመ ካለም መጋረጃ ይጋረድለታል። ሰው ለሰው ዓይን የሚዘጋጅባት፣ ሊታይለት የሚፈልገውንና የማይፈልገውን የሚለይባት ጊዜ ናት። በዚያች ጊዜ ለሚሸፈነው ነገር ሁሉ አማርኛ አንድ ቃል አለው፤ ገመና ይለዋል።

እንግዲህ ደጃፍ ላይ የቆመችው እንግዳ በእጇ መዝገብ የያዘች ነርስ ብትሆንስ? እርሷ የመጣችው ቡና ለመጠጣት ሳይሆን ገመናውን ራሱን ለማየት ነው። ውሃው በምን እንደሚቀመጥ፣ መጸዳጃው የት እንደሆነ፣ ሕፃኑ መከተብ አለመከተቡን፣ ከጓዳ የሚያስለው ሰው ከመቼ ጀምሮ እንደሚያስለው ማወቅ ትፈልጋለች። ይህን የምታደርገው ለክፋት አይደለም፤ የሰፈሩ የጤና ችግር ምን እንደሆነ ከሰፈሩ ገብታ፣ በዓይኗ አይታ ለመረዳት ነው። ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ለሰው በጎ ለማድረግ ተብሎ የሰውን ገመና ማየት ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ ያየው ዓይን ለታየው ሰው ምን ዕዳ አለበት?

ይህን ለመመለስ አስቀድሞ የነርሷ መምጣት ለምን እንዳስፈለገ ማስተዋል ይገባል። የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሄድ የለምን? ጤና ጣቢያውስ የመጣውን ሁሉ ይመዘግብ የለምን? እንዲህ ከሆነ የሰፈሩን ችግር ለማወቅ መዝገቡን መግለጥ በበቃ ነበር። ነገር ግን መዝገቡ የሚያውቀው የመጣውን ሰው ብቻ ነው። እንግሊዛዊው የማኅበራዊ ፖሊሲ ምሁር ጆናታን ብራድሾው እ.ኤ.አ. በ1972 ባቀረበው ጽሑፍ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) የሰው ችግር በአራት መንገድ እንደሚታወቅ አመልክቷል። አንደኛው ባለሙያ በመስፈርቱ ለክቶ «ይህ ይጎድላል» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ባለቤቱ በልቡ የሚሰማው ነው፤ ሦስተኛው ባለቤቱ ተሰምቶት አፍ አውጥቶ የጠየቀው ነው፤ አራተኛው ደግሞ አንዱን ሰፈር ከሌላው ጋር በማነጻጸር የሚገኘው ነው። የጤና ጣቢያ መዝገብ ከእነዚህ የሚያሳየው ሦስተኛውን ብቻ ነው። አፍ አውጥቶ ያልተናገረ ችግር በመዝገቡ ላይ ጤና መስሎ ይታያል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ተረቱ ጥፋቱን በደበቀው ሰው ላይ ያሳርፋል። ሆኖም ብዙ ሰው በሽታውን የሚደብቀው በስንፍና አይደለም። አንዳንዱ በሽታ መሆኑን ራሱ አያውቅም፤ አንዳንዱ መድኃኒቱ ከአቅሙ በላይ መሆኑን ስለሚያውቅ ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቢናገር ከሚያገኘው የሚያጣው ይበልጥበታል። ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ2002 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው አጭር ጽሑፍ አስገራሚ የሆነ ንጽጽር አቅርቦ ነበር። ከህንድ ግዛቶች መካከል በረጅም ዕድሜ ቀዳሚ የሆነችው ኬራላ፣ ሰዎች ስለ ጤናቸው ሲጠየቁ ከሁሉ የበዛ ሕመም የሚነገርባት ናት። ዕድሜ በሚያጥርባት፣ ትምህርትና ሕክምናም አነስተኛ በሆነባት በቢሃር ግን ታምሜያለሁ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። የኬራላ ሰው ከቢሃር ሰው ይልቅ በሽተኛ ስለሆነ አይደለም፤ በሽታን በሽታ ብሎ ለመጥራት የሚያስችል ትምህርትና ሐኪም ስላለው ነው። ልጆች ሁሉ ሆዳቸው ተነፍቶ በሚያድጉበት መንደር የተነፋ ሆድ የልጅነት መልክ ይመስላል እንጂ በሽታ አይመስልም። እንግዲህ የለመደውን መከራ መከራ ብሎ ለማይጠራ ሰው ከውጭ የሚመጣ ዓይን ያስፈልገዋል። ነርሷ ደጃፍ ላይ የመቆሟ ምክንያት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው እውነት በጉያው ፈተና ይዟል። ባለቤቱ ችግሩን የማያውቅ ከሆነ፣ ተመልካቹ ባለቤቱን መጠየቅ አያስፈልገኝም ወደሚል ድምዳሜ በቀላሉ ይደርሳል። አገራችን ይህን ዓይነቱን ሰው ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ ስሙም «አውቅልሃለሁ» ነው። አውቅልሃለሁ ባይ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜም የሚያየው ነገር እውነት ነው። ስሕተቱ ያየውን ነገር ያወቀው መስሎት መቅረቱ ነው።

የነርስነት ሙያ ራሱ ከመነሻው በዚህ አደጋ ላይ ነቅቶ ነበር። በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ወቅት ወደ ስኩታሪ ሆስፒታል ሄዳ ቁስለኞችን ያስታመመችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 ስለ አስታማሚነት በጻፈችው መጽሐፍ ለበሽተኛ ክትትል አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥታለች። የምዕራፉ ቁም ነገር፣ በሽተኛን በጥንቃቄ ማየት የሚገባው የወሬ ክምችት ለማብዛት ሳይሆን ሕይወት ለማዳንና ሥቃይ ለማቅለል ነው የሚል ነው። በዚህ አሳብ መሠረት ማየት በራሱ ግብ አይደለም፤ ወደ ሥራ የማያደርስ እይታ ከሙያው ውጭ ነው።

ኢትዮጵያም በዚህ ረገድ የራሷ ታሪክ አላት። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በተከታዩ ዓመት በ1954 በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያን በአንድነት የሚያሠለጥን ነበር። አሳቡ ሦስቱ ባለሙያዎች በሆስፒታል ተቀምጠው በሽተኛ እንዲጠብቁ ሳይሆን፣ በቡድን ሆነው ወደ ወረዳ እንዲወጡ፣ መንደሩን ዞረው እንዲያዩ፣ የበረታውን ችግር ለይተው ከሕዝቡ ጋር መፍትሔ እንዲፈልጉ ነበር። ኮሌጁ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ተማሪዎችን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች የመላኩ ልማድ አልቀረም።

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህንኑ አሳብ በመላው አገሪቱ ዘረጋው። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ሆነ። በ2009 ፕሮግራሙ ወደ ከተሞች ሲገባ ለሥራው የተመረጡት ነርሶች ነበሩ። በነርስነት ዲፕሎማቸው ላይ የወራት ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው እያንዳንዳቸው 500 ያህል አባወራዎችን ቤት ለቤት እንዲከታተሉ ተደረገ። የክትባት፣ የወሊድ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የመጸዳጃና የቆሻሻ አወጋገድ ጉዳይ ከጤና ጣቢያ ግድግዳ ወጥቶ ወደ ጓዳ ገባ። በዚህ መንገድ ከሞት የተረፉ እናቶችና ሕፃናት መኖራቸውን የሚክድ የለም።

ነገር ግን የከተማው ደጃፍ ለነርሷ ሌላ ትምህርት ሰጣት። ግንቡ ከፍ ያለ ቤት ዘበኛ አለው፤ ዘበኛው «እመቤቲቱ የሉም» ብሎ ይመልሳታል። በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ስድስት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ ግን የሚጋርደው መጋረጃ እንኳ የለውም። ስለዚህ ገመናውን ለመሸፈን አቅም ያለው ሳይታይ ይቀራል፤ መዝገቡን የሚሞላው የድሃው ገመና ነው። ከዚያም መዝገቡን ያነበበ ሰው ቆሻሻም፣ በሽታም፣ ድንቁርናም የድሃ ብቻ ነው ብሎ ይደመድማል። ዓይን የገባበትን ቤት እንጂ የተዘጋበትን ቤት ሊፈርድበት ስለማይችል ነው።

ሌላም ነገር አለ። መታየቱ ለፍርድ መሆኑን የተረዳ ሰው ለዓይን ይሠራል። መጸዳጃ የቆፈረ ቤተሰብ «ሞዴል» ተብሎ በሚመረቅበት ጊዜ ለመቆጠር ብቻ የሚቆፈር መጸዳጃ ይኖራል። ጉድጓዱ በመዝገቡ ላይ አለ፤ ሰው ግን እንደ ወትሮው ወደ ጫካው ይሄዳል። ነርሷ አይታለች፤ ያየችው ግን የቤቱን ኑሮ ሳይሆን ለእርሷ የተዘጋጀውን ኑሮ ነው። ምክንያት ያልተጠየቀበት እይታ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። ነርሷ ክዳን የሌለው የውሃ እንስራ አይታ «ንጽሕና ጉድለት» ብላ ልትጽፍ ትችላለች። እናትዮዋ ብትጠየቅ ግን ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን መሆኑን፣ ክዳን ያለው ዕቃ ቢኖራትም በእርሱ ላይ እህል ማስቀመጧን ትነግራት ነበር። ያየችው ጉድለት እውነት ነው፤ ጉድለቱን ለሴትዮዋ መስጠቷ ግን ሐሰት ነው።

ይህ ሁሉ በጁባ ሲታሰብ ክብደቱ ይጨምራል። በላይኛው ናይል በምትገኘው በማላካል ከተማ ስም የተጠራው ሃይ ማላካል የብዙ ቋንቋ ተናጋሪ ሰፈር ነው። በቆርቆሮ በታጠረ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረው ሰው አንድ መጸዳጃና አንድ የውሃ በርሜል ይጋራል፤ ቋንቋውንና ገመናውን ግን ለየብቻ ይይዛል። ለረጅም ዓመታት አብዛኛው የጁባ ነዋሪ የጠጣው ውሃ ከባሕር አል ጀበል ተቀድቶ በቦቴ መኪና የሚሸጥ ነበር፤ ከቦቴ ነጂዎቹም ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። በ2014፣ በ2015 እና በ2016 ኮሌራ በከተማዋ ሲነሳ ጉዳዩ የአንድ ጎሳ ወይም የአንድ ዜጋ አልነበረም፤ ውሃውን የሚያመጣው፣ የሚሸጠውና የሚጠጣው ሁሉ በአንድ ሰንሰለት የታሰረ ነበር። በ2024 በሬንክ ታውጆ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የተዛመተው ወረርሽኝም ይህንኑ አስታውሷል።

ሆኖም በዚህች ከተማ «ቤት ለቤት መዞር» የሚለው ቃል ሌላ ትዝታ አለው። በዲሴምበር 2013 ጦርነቱ ሲፈነዳ ታጣቂዎች በጁባ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ሰዎችን በማንነታቸው እየለዩ መግደላቸውን የአፍሪካ ኅብረት አጣሪ ኮሚሽን መዝግቧል። በር ሲንኳኳ «ማን ነህ? ስምህ ማን ነው? እዚህ ስንት ሰው አለ?» ተብሎ መጠየቅ የሞት መግቢያ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ነርሷም ስትመጣ የምትጠይቃቸው የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው። ከ2017 ጀምሮ በቦማ የጤና ንቅናቄ አማካይነት የደቡብ ሱዳን የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ከየመንደራቸው ተመርጠው እንዲሠሩ መታሰቡ ከዚህ አንጻር ጥበብ አለበት። የምታውቀው ጎረቤት ያንኳኳችው በር ከማይታወቅ እጅ ይልቅ በቀላሉ ይከፈታል።

የኢትዮጵያዊው ስደተኛ ፍርሃትም የራሱ መልክ አለው። በሃይ ማላካል አንድ ግቢ ውስጥ በምግብ ቤት የምትሠራ አንዲት ወጣት በተቅማጥ ታመመች እንበል። የመኖሪያ ፈቃዷ አልፎበታል፤ ዐረብኛዋ ለገበያ እንጂ ለሕክምና አይበቃም፤ መታመሟ ከተሰማ ሥራዋን ታጣለች። ጓደኞቿ በፍቅር ተነሳስተው ጓዳ ውስጥ ያስተኟታል። ነርሷ ስትመጣ በሩን የከፈተው ሰው «የታመመ የለም» ይላታል። ጓደኞቿ ገመናዋን ሸፈኑላት፤ በአገር ቤት ደንብ ይህ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ነገር ግን ከባድ ኮሌራ ሕክምና ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ግን አብዛኛው ታማሚ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በሚበጠበጥ ኦ.አር.ኤስ. ይድናል። ከዚህም ሌላ ተህዋሲው ከገባባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ምንም ሳያማቸው ለቀናት ከዐይነ ምድራቸው ጋር ሊያስወጡት ይችላሉ። ስለዚህ የተዘጋው በር ወጣቷን ከሥራ ማጣት አድኖ ለሞት አሳልፎ ሊሰጣት፣ በመጸዳጃው የሚጋሩትንም ጎረቤቶች ሊጎዳ ይችላል።

በዚህ ቦታ «የሰው ቤት የሰው ነው፤ አልታይም ካለ መብቱ ነው» የሚለው ክርክር አይበቃም። «የሕዝብ ጤና ከሁሉ ይበልጣልና በሩ በግድ ይከፈት» የሚለውም አይበቃም፤ በግድ የተከፈተ በር ሁለተኛ ጊዜ ሲንኳኳ ባዶ ቤት ሆኖ ይገኛልና። ከሁለቱ መካከል የሚያወጣው መንገድ ሁለት ነገሮችን መለየት ነው። በሽታው የሰፈር ነው፤ ስሙ የሰውየው ነው። በዚህ ግቢ ኮሌራ አለ ብሎ መናገር ግዴታ ሲሆን፣ ታማሚዋ እገሊት ናት ብሎ ከሕክምናው ውጭ ላለ ጆሮ ማውራት ክህደት ነው። ነርሷ ከመዝገቧ የትኛው ገጽ ለማን እንደሚታይ በደጃፉ ላይ አስቀድማ ልትናገር ይገባታል። የፈቃድ ወረቀት የምትጠይቅ ሰው አለመሆኗን ሳታስረዳ የመጣች ነርስ፣ ለተነገራት ውሸት ከተጠያቂነቱ ድርሻ አላት።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። በሽታው ይሸፈንና ሰውየው ይገለጣል። በ2016 በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተከሰተው ወረርሽኝ በይፋ «አተት» እየተባለ ሲጠራ፣ ኮሌራ የሚለው ቃል ከባለሥልጣናት አፍ እንዳይወጣ ጥንቃቄ ይደረግ ነበር። መንግሥትም እንደ ቤተሰብ የሚያፍርበት ገመና አለው ማለት ነው። ይሁን እንጂ የሰው ገመና ሲሸፈን የሚጠበቀው የአንድ ሰው ክብር ነው፤ የወረርሽኝ ስም ሲሸፈን የሚጠበቀው የሹማምንት ገጽታ ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል ቢጠሩም በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ለዚህ ነገር አማርኛ ራሱ ከብዙ ፍልስፍና የቀደመ ትምህርት አስቀምጧል። የታመመ ሰው ዘንድ መሄድ በአማርኛ «መጠየቅ» ይባላል። «እገሌን ጠየቅሁት» ማለት ቤቱ ሄጄ አየሁት ማለትም ነው፤ አንደበቱን ከፍቼ አዳመጥሁት ማለትም ነው። ማየትና መጠየቅ በአንድ ቃል ታስረዋል፤ ሳይጠይቁ ማየት የጠያቂ ሥራ አይደለም። የጠያቂም ሌላ ደንብ አለው፤ ባዶ እጁን አይሄድም፤ አንድ ጊዜ ጠይቆም አይቀርም። ጠይቆ የቀረ ሰው ከናካቴው ካልጠየቀው ይልቅ ይታዘኑበታል። ታማሚው መታመሙን እያወቀ ተወው ማለት ነውና።

እንግዲህ ያየ ዓይን ዕዳ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ነርሷ ከማየቷ በፊት የቤቱ ችግር በቤቱ ሰዎች መካከል ብቻ ነበር፤ ካየችው በኋላ ግን «አላወቅሁም» ማለት አትችልም። ገመናቸውን ያሳዩዋት ሰዎች ያላቸውን ውድ ነገር አበድረዋታል፤ ብድሩ የሚመለሰውም በመመለሷ ነው። በርግጥ እውነቱ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ማንም ነርስ ይመሰክራል። እርሷ ያላት መዝገብና ሁለት እግር ነው፤ ክሎሪኑም፣ መድኃኒቱም፣ የመጸዳጃ መቆፈሪያው ገንዘብም በሌላ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ዕዳው በእርሷ ላይ ብቻ ሊጫን አይገባም። ዓይን አድርጎ የላካት መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት፣ ያየችውን ነገር ቁጥር አድርጎ በሪፖርት ካሰፈረ በኋላ ወደዚያው ደጃፍ ካልተመለሰ፣ የሰዎችን ገመና ወስዶ ያልከፈለ ባለ ዕዳ ነው። ለነርሷ የሚቀረው የሙያዋ ዝቅተኛው ግዴታ ግን ከባድም ቢሆን የሚቻል ነው። እጇ ባዶ ቢሆን እንኳ ተመልሳ «ያሳያችሁኝን ነግሬያለሁ፤ ገና አልመጣም» ማለት ትችላለች። ይህ ቃል ውሃ አያጠራም፤ ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ግን በሩ እንዲከፈትላት ያደርጋል።

የታዩትም ሰዎች ዕዳ አለባቸው። ስደተኛው ማኅበረሰብ በሄደበት ሁሉ እድር ይመሠርታል፤ ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን የሚተክል፣ ሬሳ ወደ አገር የሚልክ ጉልበት አለው። ይኸው ጉልበት ሰው ሳይሞት በፊት ቢነሳ የማንም ጥበቃ ባላስፈለገው ነበር። ጓዳ የተኛችውን ወጣት ነርሷ ከማየቷ በፊት ጎረቤቶቿ ሊጠይቋት ይችላሉ። ቋንቋ የሚያውቀው ሊያስተረጉምላት፣ አሠሪዋ ሥራዋን እንደማታጣ ሊያረጋግጥላት፣ ቦቴ የሚነዳው ውሃው በክሎሪን መታከሙን ሊያይ ይችላል። እነዚህ ሲሟሉ «የታመመ የለም» የሚለው ውሸት የሚያስፈልግበት ምክንያት ይቀንሳል።

ከሃይ ማላካል የቆርቆሮ በር ፊት የቆመችው ነርስና ከውስጥ የተቀመጡት ሰዎች የሚፈሩት ነገር የተለያየ ነው። እርሷ ሳታየው የሚያልፍ በሽታ ያስፈራታል፤ እነርሱ ደግሞ ከታዩ በኋላ የሚመጣው ነገር ያስፈራቸዋል። ሁለቱም ፍርሃት ምክንያት አለው፤ በአንድ ቀን ጉብኝትም የሚጠፋ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን «ቤቶች!» ብላ የተጣራችው ነርስ እንግዳ ናት። ያንኑ በር ሁለተኛ ስታንኳኳ፣ ያለፈውን የነገሯትን ሳትረሳ፣ የታመመችው ልጅ እንዴት እንደዋለች ስትጠይቅ ግን ጠያቂ ትሆናለች። የሰፈሩን ችግር በእውነት ማየት የምትጀምረውም ከዚያ በኋላ ነው።